ይታይሽን ማሳቅ

ሰው ግራ የሚያጋባ ፍጡር ነው። የሚያስደነግጠው ነገር ዓመቱን ሙሉ ደጁ ላይ ተኮልኩሎ እያለ፣ በበዓል ቀን ደግሞ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ተጋፍቶ ይደነግጣል። «ኧረ እናቴ!» እያለ ከጮኸበት ዟሪ ወንበር ወርዶ፣ ራሱን ማዞሩ ገና ሳይለቀው «አንዴ ልድገም» ይላል። እኔ በበኩሌ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ የወረድኩ ሰው ነኝ፤ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ለማውቀውም ለማላውቀውም ታቦት ስለት ተስዬ ካለፍኩ በኋላ፣ ከፍርሃት የቀረብኝ ነገር አለ ብዬ አላስብም። እናንተ ከወደዳችሁ ግን ውጡበት፤ ማን ይከለክላችኋል።

ታዲያ ከእነዚህ መደንገጫዎች አንዱን ያስጌጥኩት እኔ ነኝ። ቢቸና ውስጥ ታፔላ እጽፋለሁ። እጽፍ ነበር ብል ይሻላል፤ ባነር የሚያትመው ማሽን ከመጣ ወዲህ ባለሱቁ ሁሉ ስሙን ላስቲክ ላይ አሳትሞ ይሰቅላል፤ ነፋስ ሲቀድበት እንኳ ወደ እኔ አይመለስም፣ ሌላ ያሳትማል። ብሩሼ ደርቆ በተቀመጠበት ሰሞን ነው አበባው የሚባል የሞጣ በያጅ «ሥራ አለኝ» ብሎ የደወለልኝ። አበባው ከብረት ቁርጥራጭ አንድ ጉድ በይዷል። መሐሉ ላይ ረጅም ምሰሶ፣ በምሰሶው ጫፍ ጃንጥላ የመሰለ ክብ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ዙሪያ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ዐሥራ ሁለት ወንበሮች። ሞተሩ ሲነሣ ጣሪያው ይዞራል፣ ሰውም ከነወንበሩ አየር ላይ ይበተናል። የጣሪያውን ዙሪያ የሚሸፍኑ ዐሥራ ሁለት ላሜራዎች በፒካፕ ላከልኝና፣ በየላሜራው ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚስቅ ሰው እንዲሣል፣ ከሥሩ «ልብ ያለው ይምጣ!» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘ።

«ጥርሳቸው ይታይ» አለኝ በስልክ። «ሰው የሚሳፈረው ጥርስ አይቶ ነው።»

ጽሑፉስ ቀላል ነው። የሰው መልክ ግን አይሆንልኝም፤ አንድ ጊዜ ለፀጉር ቤት የሣልኩትን ጎረምሳ ያዩ ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ይስቁብኛል። ስለዚህ ወደ ጎረቤቴ ወደ መሪጌታ ልየው ሄድኩ። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥሉ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን አንዲት ልጃቸው ይታይሽ ከሞተች ወዲህ ብሩሽ ነክተው አያውቁም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጉበት ነው አሉ፤ በሦስት ሳምንት ነው ያለቀችው። ሙት ዓመቷ ወጥቶም እሳቸው ከመደባቸው አልተነሡም። የሄድኩት ለሥራው ብቻ አይምሰላችሁ፤ ሰውየውን የሚያስነሣ ነገር ጠፍቶኝ ነበር።

ይቆጡኛል ብዬ እየፈራሁ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ከመደባቸው ቀና አሉ።

«መቅደስ ላይ ልጄን መሣል አይገባኝም» አሉኝ። «እዚህ ላይ ግን ማን ይቆጣኛል?»

ዐሥራ አንዱን ላሜራ በሁለት ሳምንት ጨረሱት። ላየው ብገባ ሳቄ አመለጠኝ። ዐሥራ አንድ ሰዎች ዟሪ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ አፋቸውን ግጥም አድርገው ተቀምጠዋል። አንዷ እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች፤ ለጸሎት ነው።

«መሪጌታ፣ ሳቁስ?» አልኳቸው።

«እኔ በዕድሜዬ ጥርስ የሣልኩት ለሰይጣን ብቻ ነው! ጻድቅ አያገጥጥም።»

«እነዚህ እኮ ጻድቃን አይደሉም፤ የሞጣ ሰዎች ናቸው።»

ሞጣዎች ይቅር በሉኝ፤ ለሥራው ብዬ ነው። መሪጌታ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ እያጉረመረሙም ቢሆን ለሁሉም ጥርስ አወጡላቸው።

ቀጥሎ የይታይሽ ተራ ደረሰ። ከእሷ የቀረ ምስል ለመታወቂያ የተነሣችው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ በጉርድ ፎቶ ደግሞ ማን ስቆ ያውቃል? ሁላችንም ክስ የተነበበብን ነው የምንመስለው። አንድ ጧት ስገባ መሪጌታ ላሜራው ፊት ተቀምጠዋል። ግንባሯ እሷው ነው፣ ዓይኗም እሷው። አፏ ያለበት ቦታ ባዶ ነው።

«ጥርሷ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«እርስዎ እኔን ይጠይቁኛል?»

«ጠፋኝ። የታመመችበት ፊቷ ብቻ ነው የሚመጣብኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እቤቴ ስትስቅ ኖራ፣ አሳሳቋ ጠፋኝ!» ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

እኔ ግን አልጠፋኝም። የፊት ጥርሷ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ነበር የበቀለው፤ በእሱ ስለምታፍር ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ ሳቋ በዓይኗ ነው የሚታየው። ይህን ስነግራቸው «እሰይ! እሰይ!» ብለው ብድግ አሉ። የዚያኑ ቀን ጨረሷት። መዳፏ አፏ ላይ፣ ዓይኗ ሊጨፈን ምንም ያልቀረው፣ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ የሚመስል። መሪጌታ ላሜራውን ግድግዳ አስደግፈው አጠገቧ ምሳቸውን በሉ።

በሳምንቱ አበባው ሥራውን ሊያይ መጣ። ዐሥራ አንዱን እያመሰገነ አለፈና እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ ምን ሆና ነው? ልታስመልስ ነው?»

ወደ መሪጌታ ዞረ።

«ኧረ መሪጌታ! ይህን አይቶ ማን ይሳፈራል? ወንበሩ ያስታውካል ይሉኛል እኮ!»

አበባው ክፉ ሰው አይደለም። ልፈርድበት አልኩና በእሱ ዓይን ባያት፣ እውነትም ያቅለሸለሻት ትመስላለች። የማን ልጅ እንደሆነች ልነግረው አፌን ስከፍት መሪጌታ በዓይናቸው ከለከሉኝ። አበባው ከሄደ በኋላ «ሌላ ላሜራ ላምጣና ሌላ ሰው ይሣሉለት፤ ይቺ እዚሁ እቤት ትቀመጥ» አልኳቸው።

«እቤትማ አስቀምጫት ኖርኩ» አሉ። «አንድ ዓመት ሞጣ እንዲህ ያለ ወንበር መጥቶ፣ ከጓደኞቼ ጋር ልሂድ ብላ ለምናኝ ነበር። የመሪጌታ ልጅ አየር ላይ ስትንጠለጠል ሰው ምን ይላል ብዬ ከለከልኳት። አሁን ትውጣ።»

ብሩሻቸውን አንሥተው መዳፏን ከአፏ ላይ አነሡት። ቀጥሎ ጥርሷን ሠሩ፤ እኩል፣ ነጭ፣ የተሰደረ።

«የተደረበውንስ?» አልኳቸው።

«ልጄ የምታፍርበትን ሰው ፊት አላወጣም።»

የአባት ነገር ነው። ከሥሯ «ልብ ያለው ይምጣ!» ብዬ ጻፍኩ።

በበዓሉ ቀን በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ሄድን። ወረፋው አጥሩን አልፏል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰው ይጮኻል፣ ጣሪያው ከነሥዕሎቹ ይዞራል። የሞጣ ልጃገረዶች ሁሉ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ዐሥራ ሁለተኛዋ ነው። አንዷ መሪጌታ እንደሣሏት ሰምታ ኖሮ ቀረብ አለች።

«አባባ፣ ያቺ ቆንጆዋ ልጅዎ ናት?»

መሪጌታ ቀና ብለው የተሣለችውን ጠበቋት። ዞራ መጣች፣ አለፈች። እንደገና ዞራ መጣች።

«አይደለችም የኔ ልጅ» አሏት። «የኔዋ ስትስቅ አፏን ትሸፍን ነበር።»