የሱፐርካሯ ይፋዊ ፎቶግራፍ

የባሕር ማዶ ማኅበራችንን አሥራ አምስተኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በሚታተመው ልዩ መጽሔት ሽፋን ላይ ምን ይውጣ በሚለው፣ አህጉራዊም ዓለም አቀፋዊም ፋይዳ ባለው አጀንዳ ላይ ለመምከር፣ የሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ምድር ቤት ተሰበሰበ። በቀደሙት እትሞች ሽፋን ላይ የወጡት ሊቀ መንበሩ አቶ ክፍሌ ነበሩ፤ መጀመሪያ ቆመው፣ ቀጥሎ ተቀምጠው፣ በመጨረሻም አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው በሐሳብ ተውጠው። ከዚህ ወዲያ የሚሆን አቀማመጥ ስላልተገኘ አዲስ ሐሳብ የግድ ሆነ።

አቶ ክፍሌ አገር ቤት ሳሉ የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱም መምሪያውም ከፈረሱ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ኃላፊነቱ ግን ከአንደበታቸው አልወረደም።

«ማኅበረሰባችን በዚህ አገር ያስመዘገበውን ዘርፈ ብዙ እድገት በማያሻማ ሁኔታ የሚገልጽ አንድ ምስል እንፈልጋለን» አሉ።

«ዘንድሮ ኮሌጅ የጨረሱትን ልጆች ብናወጣስ?» አሉ ገንዘብ ያዥዋ ወይዘሮ እታለማሁ።

«ያልጨረሱት ልጆች ወላጆች ይቀየማሉ።»

«እሺ፣ የነፃ ክሊኒኩን ነርሶች?»

«ነርስ እድገትን አያሳይም፤ በሽታን ነው የሚያስታውሰው።»

በዚህ ጊዜ ሠረቀብርሃን ጉሮሮውን ጠረገ። ሠረቀብርሃን ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ የሚኖር የቤት ሻጭ ነው። በቅርቡ የጣሊያን ሱፐርካር ገዝቷል፤ መግዛቱን የማያውቅ ሰው ቢኖር ገና ከአውሮፕላን ያልወረደ ነው። «እኔ እንኳን ለራሴ ብዬ አይደለም» አለ፤ «ለማኅበሩ ከሆነ ግን መኪናዬን ልሰጥ እችላለሁ። ፎቶዋን ማለቴ ነው።»

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ወይዘሮ እታለማሁም እጃቸውን አወጡ፤ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነበር።

ፎቶውን እንዲያነሳ የተመረጠው በፈቃዱ ነው። በፈቃዱ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ ይኖራል፤ በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳል፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ያነሳል። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ቢቀረውም፣ በየሰርጉ እስካሁን «ያ ፎቶ የሚያነሳው ልጅ» ነው የሚባለው። ስለዚህ አቶ ክፍሌ ጠርተው «የማኅበሩ ይፋዊ ፎቶግራፈር ሆነህ ተሰይመሃል፤ ስምህ በሽፋኑ ላይ ይሰፍራል፤ በተጨማሪም በመኪናዋ ስትጓዝ የተሰማህን በሁለት ገጽ ትጽፋለህ» ሲሉት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም። ስሙ በምን ዓይነት ፊደል ቢጻፍ እንደሚያምር ሲያስብ ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ደረሰ። ሠረቀብርሃን የጋራዡን በር ከፍቶ፣ የመኪናዋን ልብስ የሙሽራ ዓይነ ርግብ እንደሚገልጥ ሰው ቀስ ብሎ ገለጠው። እውነት ለመናገር ታምራለች። ቀይ ናት፤ ዝቅ ብላለች፤ ቆማ እንኳን የምትሮጥ ትመስላለች።

«ጫማህን» አለ ሠረቀብርሃን።

«ምን ሆነ?»

«አውልቀው።»

በፈቃዱ በካልሲው ለመግባት ሞከረ። እግሩን ሲያስቀድም ጭንቅላቱ ውጭ ቀረ፤ ጭንቅላቱን ሲያስቀድም እግሩ የት እንደገባ ጠፋው። በመጨረሻ ሠረቀብርሃን በሚሰጠው መመሪያ መሠረት ጀርባውን ሰጥቶ እንደ ከረጢት ወደቀባት። ወንበሩ ከመሬት ያለው ከፍታ አንድ ምንጣፍ ያህል ነው። ሞተሩ ሲነሳ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ የሁለት መኪኖች አላርም ተነሳ፣ የበፈቃዱም ልብ ተነሳ። «ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» አለ ከልቡ። ሠረቀብርሃን የጠበቀው ይህንኑ ነበርና ፊቱ በራ።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመሄድ ቤልትዌይ የሚባለው የከተማው ዙሪያ አውራ ጎዳና ገቡ። ቤልትዌይ ግን እንደ ልማዱ በመኪና ተጨናንቆ ቆሞ ነበር። ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት ያላት ሱፐርካር፣ ሣር ማጨጃ በጫነ ፒክአፕና የቤተ ክርስቲያን ሰው በያዘ ቫን መሀል በክብር ተሰልፋ ስታዘግም፣ ለበፈቃዱ በመስኮቱ የሚታየው የቫኑ ጎማ ብቻ ነበር። የጎማውን ብሎኖች ቆጠረ። አንዱ እንደላላም አስተዋለ።

«ይህቺ መኪና በሰዓት ሁለት መቶ ማይል ትሄዳለች» አለ ሠረቀብርሃን።

«መቼ?»

«ትችላለች ማለቴ ነው።»

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ፣ በእግረኛው መንገድ አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ እየገፋች በሶምሶማ አለፈቻቸው። ጋሪው ውስጥ ያለው ሕፃን ዞር ብሎ እስኪጠፉ ድረስ በሐዘኔታ አያቸው። ሠረቀብርሃን ሬዲዮውን ከፈተ። በፈቃዱም ለሁለት ገጹ ጽሑፍ የሚሆን ዐረፍተ ነገር በሐሳቡ አዘጋጀ፦ «ጉዞው እጅግ የተረጋጋ ነው።»

ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሰው፣ ሰው የማይበዛበት አንድ ሰፊ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ተጀመረ። ችግሩ ወዲያው ታወቀ። ቀለሟ እንደ መስታወት ስለሆነ በፈቃዱ ከፊት ሲያነሳት ኮፈኗ ላይ በፈቃዱ አለ፤ ከጎን ሲያነሳት በሯ ላይ በፈቃዱ ከነሆዱ አለ። ተንበረከከ፤ የተንበረከከ በፈቃዱ ወጣ። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ኋላ ተደብቆ ክንዱን ብቻ አሾልኮ አነሳ፤ አሁን ደግሞ ሌባ የሚመስል በፈቃዱ ወጣ።

«አንተ ምን ልታደርግ ነው የምትገባው?» አለ ሠረቀብርሃን ተቆጥቶ።

«እሷ ናት የምታስገባኝ!»

«ለምን ስትበር አታነሳትም? ሽፋን ላይ የቆመ መኪና እድገት አያሳይም ብለዋል አቶ ክፍሌ።»

«እሱማ ጥሩ ነበር። አንተ እዚያ ሄደህ በፍጥነት ና፤ እኔ እዚህ ሆኜ እይዛታለሁ።»

«በፍጥነት?» የሠረቀብርሃን ድምፅ ቀነሰ። «ጠጠር ቢነሳስ?»

ድርድሩ በስምምነት ተጠናቀቀ፤ በመጠነኛ ፍጥነት። ሠረቀብርሃን ከፓርኪንጉ ጫፍ ተነስቶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ እንደ አስከሬን መኪና መጣ። በፈቃዱ «ጨምር!» እያለ ይጮሃል፤ ሠረቀብርሃን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጨምሬ እኮ ነው!» ይላል። ከዚያ መኪናዋ በፓርኪንጉ መሀል ያለችው የፍጥነት መግቻ ጉብታ ላይ ወጣች። ማለትም ወጣች፤ አልወረደችም። ሆዷ ጉብታው ላይ አረፈ፣ የኋላ ጎማዋ ጥቂት ተሽከረከረ፣ መሪው ፊት ያለው ስክሪን ላይ ቀይ ጽሑፍ ተደረደረ፣ ሞተሩም ዝም አለ።

«ምን ይላል?» አለ በፈቃዱ።

«እንጃ፤ በጣሊያንኛ ነው።»

«ለምን ወደ እንግሊዝኛ አልቀየርከውም?»

«ክብሯ እንዳይነካ ብዬ ነዋ!»

ሠረቀብርሃን ወርዶ ጉብታው አጠገብ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዱ አዘነለት። ሰውየው እናቱ የታመሙበት እንጂ መኪና የቆመበት አይመስልም። «ሰው ሳያየን ብቻ» ይላል ደጋግሞ፤ «ሰው ሳያየን ከዚህ አውጣን።»

የተበላሸ መኪና ጭኖ የሚወስድ ቶው ተጠራ። የመጣው ፋኑኤል የሚባል የፔትዎርዝ ሰፈር ልጅ ነው፤ ከወላጆቹ ጋር በሕፃንነቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ። ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነውን ትልቅ መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ሱፐርካሯን አይቶ በፉጨት አደነቀ።

«ዋው፣ ጋሼ! ሐምፑ ላይ ፓርክ አደረግሃት?»

«ፓርክ አላደረግኩም። ጫንና ዝም በል።»

ፋኑኤል በብርድ ልብስና በገመድ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ ጫናት። ሦስቱም ፊት ተደርድረው ተቀመጡ፤ በፈቃዱ መሀል፣ ካሜራውን አቅፎ። ከፍ ካለው ወንበር ላይ ሆኖ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን አየ።

ነገር ግን መኪናዋ ወደምትጠገንበት ጋራዥ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው ምግብ ቤቶቻችን በተደረደሩበት በኩል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሰው በሙሉ ደጅ ቆሞ ያወራል። ሠረቀብርሃን ገና ከሩቅ ሲያይ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ጎተተው።

«ፍጠን፣ የኔ ወንድም!»

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ የፍጥነት ሊሚቱ ትንሽ ነው።»

«ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ! ርገጠው!»

ያ ጠጠር ፈርቶ የሚያዘግመው ሰው አሁን በእግሩ ባዶውን ወለል እየረገጠ «ጨምር! ጨምር!» ይላል። ፋኑኤል ጨመረ። ሱፐርካሯ ከተገዛች ጀምሮ እንዲህ ሄዳ አታውቅም። ምግብ ቤቶቹ በመስኮቱ ሽው ብለው አለፉ። ትንሽ እንደሄዱ ከኋላቸው ብልጭ አለ።

«ምንድን ነው?» አለ በፈቃዱ።

«መብረቅ ይሆናል» አለ ሠረቀብርሃን ከኮፍያው ሥር። ሰማዩ አንድ ዳመና አልነበረበትም።

የምስል ገምጋሚ ንዑስ ኮሚቴው በተሰበሰበ ጊዜ በፈቃዱ ያነሳቸውን ሁሉ በላፕቶፕ አሳየ። አቶ ክፍሌ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አዩ።

«መኪናዋ በበቂ ሁኔታ ተገልጻለች» አሉ፤ «ሆኖም የአንተ ተሳትፎ ከሚጠበቀው በላይ ነው።»

በፈቃዱ አንገቱን ደፋ። በየሰርጉ «ያ ልጅ» ሆኖ እስኪሸመግል ታየው። በዚሁ መሀል ስልኩ ጮኸ፤ ፋኑኤል ነው።

«የቅጣት ቲኬት መጣብኝ! ያ ብልጭታ የስፒድ ካሜራ ነበር። ዌብሳይቱ ላይ ገብቼ ፒክቸሩን አየሁት። ቆንጆ ናት! ልላክልህ?»

ተላከች። ላፕቶፑ ላይ ስትከፈት ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ሱፐርካሯ ከኋላ፣ ከፍ ብላ፣ ፀሐይ ጣሪያዋ ላይ አርፋ፣ በሁለቱም ጎን የመንገዱ ዛፎች ተሰልፈው። አንድም በፈቃዱ የለባትም።

«ይህ ነው!» አሉ አቶ ክፍሌ ከወንበራቸው ተነስተው። «ይህ ነው እድገት!»

«ጋሽ ክፍሌ፣ ቶው ላይ ናት እኮ» አለ በፈቃዱ።

«ከታች ያለው ይቆረጥ።»

«ከታች ከተቆረጠ ጎማዋም አብሮ ይሄዳል።»

«ጎማ ዝርዝር ጉዳይ ነው።»

«እኔም አላነሳኋትም። ያነሳት ካሜራው ነው።»

«አንተስ በምንድን ነው የምታነሳው? በካሜራ አይደለም እንዴ?»

በፈቃዱ ስሙ የሚጻፍበትን ፊደል ሊመርጥ ወደ ላፕቶፑ ዞረ። የፋኑኤል ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ፎቶዋን ማኅበሩ ከወሰዳት ቅጣቱን ማኅበሩ ይክፈልለት። አቶ ክፍሌ ጥያቄውን በመርህ ደረጃ ተቀብለው ለተጨማሪ ጥናት ወደ ንዑስ ኮሚቴ መሩት። ሠረቀብርሃን «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ማለቱን ሲያስታውሱት፣ ኃላፊነት እንጂ ቲኬት አላልኩም አለ።

የበዓሉ ምሽት አሌክሳንድሪያ በሚገኝ የሆቴል አዳራሽ ተከበረ። መጽሔቱ በየጠረጴዛው ተቀምጧል፤ ሽፋኑም በትልቁ ታትሞ መድረኩ ላይ ተሰቅሏል። ጎማ የሌላት ቀይ መኪና በአየር ላይ ተንሳፋለች፤ ከሥሯ «እየበረርን ነው!» የሚል ጽሑፍ፣ ከጽሑፉም ሥር «ፎቶ፦ በፈቃዱ» ይላል፤ እንዳለመው ወፈር ባለ ፊደል። በፈቃዱ አዲስ ከረቫቱን አሥሮ፣ እያፈረም እየኮራም፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እየመጣ «አቶ በፈቃዱ፣ እንዴት ብትይዛት ነው!» ይለዋል። ፋኑኤል በመጨረሻው ጠረጴዛ ነው፤ የቅጣቱ ጉዳይ በየተራ የተመራላቸው ንዑስ ኮሚቴዎች ገና አጥንተው አልጨረሱለትም።

ሠረቀብርሃን መድረክ ወጥቶ ስለ ፍጥነት ተናገረ። «በዚያ ቅጽበት» አለ፣ «ከመሬት ጋር የነበረኝ ግንኙነት ተቋረጠ።» ይህ እንኳን ሐሰት አልነበረም። ተጨበጨበለት።

ጭብጨባው ሲበርድ ወይዘሮ እታለማሁ መጽሔቱን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርገው በጥንቃቄ አዩት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በኋላ መስኮቷ ሳይ ውስጧ ባዶ ነው። እየነዳት ያለው ማነው?»

ሠረቀብርሃን በፈቃዱን አየው። በፈቃዱ ከረቫቱን አየ። ሁለት መቶ ሰው መጽሔቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። አቶ ክፍሌ ግን በመምሪያ ኃላፊነት ዘመናቸው ከዚህ የባሰ ጥያቄ ገጥሟቸው ያውቃልና ማይክሮፎኑን ረጋ ብለው ተቀበሉ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። «ማኅበራችን ከዘመኑ ቴክኖሎጂ ጋር እኩል እየተራመደ መሆኑን ለመግለጽ ዕድል ሰጥቶኛል። መኪናዋ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ራሷን በራሷ ነው የምትነዳው!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ሠረቀብርሃን እንኳን ደስ ብሎት ማጨብጨብ ጀመረ፤ መኪናዋ ይህን እንደምትችል ገና መስማቱ ነበር። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ግን ከመጨረሻው ጠረጴዛ ወንበር ላይ የወጣው ፋኑኤል ነው። ከኮቱ ኪስ ያወጣትን ቲኬት ከፍ አድርጎ እያውለበለበ፣ ጭብጨባው ጋብ እስኪል ጠበቀና ጮኸ፦

«እንግዲያው ቅጣቷንም ራሷ ትክፈላ!»