ለስንዱ የተተከለው ድንኳን

መጽሐፍ አንብቦ ማልቀስ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። እናንተም ከነሱ ሳትሆኑ አትቀሩም። ዓይናችሁ እንባ ሲያቀርር "አቧራ ገባብኝ" ትላላችሁ፤ በክረምት፣ ጭቃው ጉልበት በሚውጥበት ቀን፣ ያ አቧራ ከየት እንደተነሳ አንዳችሁም አትናገሩም። እኔ ግን ዕድሜዬ ስለገፋ ማፈሩን ትቼዋለሁ። በተለይ ለወጣቶች ተብለው የሚጻፉት ቀጫጭን መጻሕፍት፣ እነዚያ እናት የሞተችባት ልጅና ሩቅ አገር የቀረ ወንድም የማያጣቸው፣ ያንበረክኩኛል። ወፍራም መጽሐፍ ሳነብ እንቅልፌ ይመጣል፤ ቀጭኑን ሳነብ ንፍጤ ይመጣል። ልዩነታቸው ይኸው ነው።

"ምን ያስለቅስሃል? ፈጠራ እኮ ነው! እንዲህ የምትባል ልጅ የለችም!" የሚሉኝ ሞልተዋል። እኔም አንገቴን ነቅነቅ አደርጋለሁ። የለችም የሚሏት ልጅ በጉለሌ ጥሩምባ ሲነፋላት፣ ድንኳን ሲተከልላት፣ ንፍሮ ሲቀቀልላት በዓይኔ አይቻለሁና። ይኼ ሽማግሌ ይጨምራል ብላችሁ ትጠረጥሩኝ ይሆናል። እጨምራለሁ። የምጨምረው ግን ጨውና በርበሬውን ነው፤ ወጡ እኔ የሠራሁት ሳይሆን ስደርስ የነበረ ነው።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው። ተማሪ ነበርኩ፤ ከቀጨኔ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት፣ ከአባቴ እህት ከእትዬ ዘነበች ጋር እኖር ነበር። እትዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። በዓለም ላይ የሚመኩት በእንዝርታቸውና በእድራቸው ብቻ ነው። "የወለደውን ልጁ ይቀብረዋል፤ እኔን የሚቀብረኝ እድሬ ነው" ይሉ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እየሰማሁ እንኳ! የእድር ስብሰባ ቀርተው አያውቁም፤ የሰው ለቅሶ ላይ ከሟች ቤተሰብ ቀድመው ይደርሳሉ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ጥጥና እንዝርታቸውን ይዘው እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። እነሱ ይፈትላሉ፤ እኔ አነብላቸዋለሁ። መጽሐፉን የማመጣው ከጋሽ ሰዒድ ሱቅ ነው፤ ጋሽ ሰዒድ ከሳሙናውና ከፋኖስ መስታወቱ ጎን መጽሐፍ ደርድረው ያከራዩ ነበር። አንድ ቀን ሽፋኑ የወላለቀ፣ ገጹ እንደ ረጠበ ቂጣ ያበጠ ቀጭን መጽሐፍ አወጡና፣

"ይቺን ውሰድ፤ የወሰዳት ሁሉ ዓይኑ አብጦ ነው የሚመልሳት" አሉኝ።

መጽሐፉ ስንዱ ስለምትባል ልጅ ነው። ለእናቷ አንዲት ናት። እናቷ ስትሞት፣ አይታት የማታውቃትን አክስቷን ፍለጋ በእግሯ ወደ ከተማ ትነሳለች። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች፤ ግራ ቅንድቧን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ አላት። ወንዝ ስትሻገር ውሃው አንዱን በረባሶዋን ይወስድባታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁሉ አንድ እግሯን ተጫምታ፣ አንድ እግሯን ባዶ ትጓዛለች።

ሴቶቹ ልጅቷን እንደ ሰፈር ልጅ ያዟት። ጅብ ካለበት ጫካ ስትቃረብ "ኧረ በዚያ አትሂጂ!" ብለው ይጮኻሉ። ከሁሉም የባሱት የእድራችን ዳኛ ሚስት ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው።

"ንገራት እንጂ ጌጡ!" ይሉኛል እንዝርታቸውን አቁመው። "እኔ እዚህ ሆኜ ብጮህ አትሰማኝም። ለእሷ ቅርብ ያለኸው አንተ!"

እንዲህ እንዲህ እያልን መጨረሻው ደረስን። ነሐሴ ነው። ያን ዕለት ከእንጦጦ የወረደው ጉም፣ ሳልጨምር ልንገራችሁ፣ ባሕር ዛፉን ውጦ፣ አጥራችንን ውጦ፣ ደጃፋችን ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። ዝናብ የለም፤ ነፋስ የለም፤ የውሻ ድምፅ እንኳ የለም። መስኮት ሥር ተጠግቼ አነባለሁ። ስንዱ ከከተማው ጥግ ደርሳለች። ጉም ነው። አቅም አንሷታል። የአንድ ቤት አጥር ዳሰሰች፤ ከአጥሩ ወዲያ ሴቶች ሲያወሩ ሰማች። የአክስቷ ቤት እንደሆነ ልቧ ነገራት። ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም።

እዚህ ላይ ሴቶቹ እንዝርታቸውን አቆሙ። ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ዘወር ብለው የኛን አጥር አዩ።

አጥሩ ሥር ወደቀች፤ አልተነሳችም። መጽሐፉ አለቀ።

"ደጄ ላይ!" ብለው እትዬ ዘነበች ብድግ አሉ። "ድምፄን እየሰማች! እኔ ወሬ ሳወራ! እኔን አፈር ያስገባኝ!" ከዚያ ደረታቸውን እየደቁ የለቀቁት ኡኡታ ታች ገበያው ድረስ ተሰማ ቢባል አልቃወምም። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

እንግዲህ የሰፈራችንን ደንብ ታውቁታላችሁ። ኡኡታ የሰማ ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ ይሮጣል እንጂ "ማን ሞተ?" ብሎ ቆሞ አይጠይቅም። ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ የሟች ማንነት በኋላ በጎን፣ በሹክሹክታ ይጣራል። የመጀመሪያዎቹ ጎረቤቶች እያለቀሱ ገቡ፤ የኋለኞቹ የፊተኞቹን እንባ አይተው ባሱ። ጥሩምባ ነፊው ወደ ሱቅ ሲሄድ ሰማና ተመልሶ ጥሩምባውን ነፋ። ጥሩምባ ከተነፋ ድንኳን ይመጣል፤ ድንኳን ከመጣ ንፍሮ ይጣዳል። "ልጅ ናት አሉ" ይላል አንዱ። "እንግዳ ናት፣ ከደጅ ላይ ወድቃ" ይላል ሌላው። "አክስቷን ሳታይ!" ይላል ሦስተኛው፣ እንባውን እየጠረገ። እኔም "መጽሐፍ ነው! መጽሐፍ ነው!" እያልኩ በየመሐሉ ዞርኩ። ግን ማን ያምነኛል? አፌ መጽሐፍ ነው ይላል፤ ዓይኔ ዝናብ ነው።

ባሻ ደምሴ ሲመጡ ሁሉም መንገድ ለቀቀላቸው። ባሻ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ የድሮ ወታደር፣ ከዘራቸው መሬት ሲነካ የሰው ወገብ የሚቃና። በእድራችን ደንብ ንፍሮው ከመዞሩ በፊት ዳኛው ተነስቶ የሟችን ስምና ለሐዘንተኛው ያለውን ዝምድና ለአባላት ያሰማል። ሌላም ደንብ አለ፤ በውሸት ሞት እድር ያስነሳ ሰው ከአባልነት ይሰረዛል። ከዚያ በፊት አንድ ሰውዬ በቁም ያሉ አማቱን "ሞቱ" ብሎ ድንኳን አስተክሎ ተሰርዟል። ኋላ ራሱ ሲሞት የተሸከሙት የቤቱ ተከራዮች ናቸው። ይህን ያላየ የለም፤ እትዬም አይተዋል።

"ወይዘሮ ዘነበች፣ እግዜር ያጥናዎት" አሉ ባሻ። "ሟች ማን ትባላለች?"

እትዬ ያን ጊዜ ነቁ። ፊታቸው አመድ ለበሰ። ድንኳኑን አዩ፤ ንፍሮውን አዩ፤ የሚቀብራቸውን ያን ሁሉ ሰው አዩ።

"ስ... ስንዱ" አሉ።

"ለእርስዎስ ምንዎ ናት?"

አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ስንዱ ድምፅ አልወጣኝም።

"የእህታቸው ልጅ ናት" አለ ቀጭን ድምፅ ከድንኳኑ ደጃፍ። "በአባት የሚገናኟት እህታቸው፣ አገር ቤት የነበረችው።"

ዞር አልን። አንዲት ልጅ ጉሙን ተደግፋ የቆመች ይመስል ደጃፉ ላይ ቆማለች። ብስብስ ብላለች፤ ያን ዕለት ግን ዝናብ አልዘነበም ብያችኋለሁ። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። የግራ ቅንድቧ ለሁለት ተከፍሏል። ወደ እግሯ ማየት አልፈለግሁም፤ ዓይኔ ግን አልሰማኝም። አንድ እግሯ በረባሶ አለው። አንዱ ባዶ ነው።

ወይዘሮ አሰለፈች በድንጋጤ እንዝርታቸው ከእጃቸው ወደቀ። (ለቅሶ ላይ እንዝርት ይዘው እንደተቀመጡ ያየነው ያኔ ነው።)

"አንቺስ ማን ነሽ?" አሏት ባሻ።

"ታናሽ እህቷ ነኝ። ምትኬ እባላለሁ። ወንዙን አብረን ተሻገርን፤ ጉሙ ውስጥ ግን እሷ ቀረች።" ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ስለ ስንዱ ተናገረች። ስትፈራ ታዜም እንደነበር፤ ቆሎዋን ከወፍ ጋር ተካፍላ እንደበላች፤ የአክስቷን መልክ በእናቷ መልክ እየመሰለች በየመንገዱ ያገኘቻትን ሴት ሁሉ ቀና ብላ ታይ እንደነበር። ይህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ።

ባሻ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ነፍስ ይማር" አሉ። "እድሩ ሐዘኑን ይካፈላል።"

እትዬ ዘነበች ሰው እየገፉ ልጅቷ ጋ ደረሱ። የረጠበ ትከሻዋን ዳሰሱት፤ ጠባሳዋን በአውራ ጣታቸው ነኩት።

"መጣሽ?" አሏት።

"መጣሁ።"

"ምነው እንዲህ ዘገየሽ?"

ንፍሮ ዘገኑላት፤ በላች። በዚያው ቀረች።

አሁን ልባችሁ "ቀላል ነው" እያለ ነው። ከላይ ካሉት ቤቶች ያንዱ ሠራተኛ ናት፤ ስታመልጥ አጥራችን ሥር ተሸሽጋ ንባቤን ስትሰማ ከርማለች፤ ለቅሶ ባለበት ንፍሮ አለ፣ ንፍሮ ባለበትም ማን ነሽ የሚል የለም። እኔም ብዙ ጊዜ እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ። እሷን ስጠይቃት አንድ ቀን "አዎ፣ አጥሩ ሥር ሆኜ እሰማህ ነበር" ትለኛለች፤ ሌላ ቀን "እኔ እኮ በዚያ ቀን ነው የደረስኩት" ትላለች። ጠባሳውስ? በረባሶውስ? ስላት ጥጧን ትፈትላለች።

ዓመታት አለፉ። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ያዝኩ፤ ምትኬን ላግባ አልኩ። እሷም እሺ አለች። ያኔ ነው ያ ድንኳን ተመልሶ አናታችን ላይ የወደቀው። የአክስቴ የእህት ልጅ መሆኗን ንፍሮ የዘገነ ሁሉ ሰምቷል። እኔ ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ነኝ። ቄሱ ዝምድናችንን በጣታቸው ሊቆጥሩ ጀምረው ገና ከአውራ ጣታቸው ሳይርቁ አማተቡ። እውነቱን ብናወጣ እትዬ ሊሰረዙ ነው፤ ያውም አልጋ ይዘው፣ ሞታቸውን ዛሬ ነገ በሚሉበት ጊዜ። ስለዚህ ሁለታችንም ዝም አልን። ዝም ብለን ከሳን።

እትዬ ግን የኛን ዝምታ ሰሙት። አንድ ጠዋት ከአልጋቸው ተነሱና፣

"ጌጡ፣ ነጠላዬን አቀብለኝ። ባሻ ጋ እንሄዳለን" አሉኝ።

"እትዬ፣ ይሰርዙዎታል እኮ!"

"ይሰርዙኝ። ያቺ ልጅ አጥር ሥር የቀረችው የሚሰማት አክስት አጥታ ነው። እኔ ደንቆሮ አይደለሁም።"

ደግፌ ወሰድኳቸው። ባሻ ኩርሲ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እትዬ ሳይቀመጡ፣ እጃቸውን አጣምረው፣ "ባሻ፣ ያ ድንኳን የተተከለው ለመጽሐፍ ልጅ ነው። ይሰርዙኝ" አሉ።

ባሻ ከዘራቸውን ሲያሽከረክሩ ቆዩ።

"በዚያኑ ማታ አሰለፈች ነግራኛለች" አሉ። "ስምዎን ልፍቅ ተነሳሁ። 'መጀመሪያ አንብበው' አለችኝ። ከሰዒድ ተከራየሁና አነበብኩት።"

"እና?" አልኩ።

"እናማ፣ ጦር ሜዳ ላይ ያላነባሁ ሰውዬ..." ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አቧራ ነበር። ብዙ አቧራ። ያለቀስኩላትን ልጅ እኔው ተመልሼ አልሞተችም ልበል? ይቀመጡ እንጂ ወይዘሮ ዘነበች! ቄሱን እኔ አነጋግራለሁ።"

እትዬ ዘነበች ቆይተው ሲሞቱ እድሩ አንድ ሰው ሳይጎድል ወጣላቸው። ድንኳኑ ሁለተኛ ድንኳን ተቀጠለበት ብላችሁ ጻፉልኝ።

ያን ቀን ከባሻ ግቢ ስንወጣ ግን እኔን ብቻ ወደ ኋላ ጠርተውኝ ነበር። ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"መጽሐፉን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ" አሉኝ። "ስንዱ ለእናቷ አንዲት ናት። እህት የላትም። አንተ ልጅ፣ የምታገባት ማንን ነው?"

ምን ልበላቸው? "ምትኬን" አልኳቸው።

እነሆ አብረን አረጀን። በክረምት ጉም ሲወርድ እየተነሳች አጥሩ ጋ ሄዳ ጆሮዋን ትጥላለች። ስንት ጫማ ገዝቼላታለሁ፤ ያቺ አንዷ በረባሶ ግን እስከዛሬ ከአልጋችን ሥር አልወጣችም። ማታ ማታ አነብላታለሁ፤ ደስ ይላታል፤ ያን መጽሐፍ ባነሳሁ ቁጥር ግን "መጨረሻውን ተወው፤ አውቀዋለሁ" ትለኛለች።

ይኸው አሁንም እየጠራችኝ ነው፤ ራት ደርሷል መሰለኝ። ፈጠራ ናት ለምትሉኝ፣ ለፈጠራ ሰው ድምፅዋ ትንሽ ጎላ ይላል። አንድ የማይገባኝ ነገር፣ ድምፁ የሚመጣው ከወጥ ቤት ሳይሆን ከአጥሩ ወዲያ ነው። ውጭው ደግሞ ጉም ነው።

አልሰማሁም ማለት አልችልም። ልሂድና ልክፈትላት።