የአማቼን ፈረሰኛ ለሌላ ሰው አጎረስኩት

እናንተ! ዛሬ የደረሰብኝን ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ። ቆማችሁ ከሰማችሁ ትወድቃላችሁ!

የምትጽፈው የልጅ ልጀ ናት፣ የብርቄ ልጅ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ በስልኳ ትለቅማለች። ከራስሽ አንዲት ቃል ብትጨምሪ ወዮልሽ ብያታለሁ።

ዛሬ የብርቄ የልጅ ልጅ ልደት ነበር። ሰው ሞልቷል። እኔም ነጭ ለብሻለሁ፣ አምሮብኛል። በዚህ መሀል እትዬ የሺ፣ የብርቄ አማት፣ ማይክ ተቀበለች።

ማይክና እትዬ የሺ ከተገናኙ እንግዲህ አለቀልኝ!

«ይቺን ሴት ታዩዋታላችሁ?» አለች በጣቷ እያሳየችኝ። «ልጄን ቀላዋጭ ብላ የሰደበች ሴት ናት!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ቀረጸኝ። ማታውን ቲክቶክ ላይ ነኝ አሉ። «ሐቦባ፣ ቫይራል ሆንሽ» ትለኛለች ይቺ። ሐቦባ በሱዳን አያት ማለት ነው። ቫይራሉን ግን እሷ ትወቀው።

እሺ! እሷ ከተናገረች እኔም እናገራለሁ። እሷ ሁልጊዜ የምትዘላት አንዲት ነገር አለች።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሌ ሞላ ከአፈሳው ሸሽቶ በመተማ ወጣ፣ እኔም ልጆቼን ይዠ ተከተልኩት። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባን። አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ቤተሰብ ሆነን ተደራርበን ነው የምንኖረው። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ጎረቤት ነው የሚያስታርቅ፣ ሁሉን ሰምቷላ!

ብርቄ ለትዳር ደረሰች። አያ ጎሹ የሚባሉ ሽማግሌ አንድ ልጅ አመጡልን። አደራጀው ይባላል፣ እዚሁ ከተማ ጋራዥ ይሠራል። እናቱ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ናት፤ «እሷማ ከካምፑ ወጥታ አታውቅም፣ ለዚህ ስትል ገና በሎሪ ትመጣለች» አሉን።

ደስ አለኝ! ጨዋ ቤተሰብ!

ሞላ ግን አንድ ቃል ተናገረ። «ልጄን መንገድ ላይ ያወቃት ሰው አይወስዳትም። ተያይተው ከሆነ ነገሩ አለቀ፣ ፈረሰ።» ሞላ ደግሞ ካለ አለ ነው።

አሁን እኔ ያኔ ያላወቅሁትን ልንገራችሁ። ብርቄና አደራጀው ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ከተዋወቁ ከርመዋል! አያ ጎሹን የላከው ራሱ ልጁ ነው! እኔ ደግሞ ልጀ ለምን ዳቦ ልግዛ፣ ዳቦ ልግዛ እንደምትል ሳይገባኝ «ታዛዥ ናት» እያልኩ ለሰው አወራለሁ።

ሞኝ!

እንግዲህ የት እንተያይ? እዛ ጆሮ የሞላው ግቢ ውስጥ? አያ ጎሹ መላ አመጡ። የፋሲካ ማግስት በሱዳንም በዓል ነው፣ ሰው ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ጀነይና ይወጣል፣ የከተማው መናፈሻ። «እናንተም ውጡ፣ እነሱም ይውጡ፣ እንደ አጋጣሚ ትገናኛላችሁ» አሉ። «ከኒሟ ዛፍ ሥር፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። እናቲቱ አንገቷ ንቅሳት አለው፣ ልጁ ረዥም ነው። እኔም መጥቼ አስተዋውቃችኋለሁ።»

ዶሮ ሠራሁ! ጾም የተፈታበት ዶሮ! ብርቄን አበጠርኳት፣ ድስቱን በነጠላ ቋጠርኩት፣ ወጣን።

ኧረ መናፈሻውን ብታዩ! ለዛፍ አጥር አጥረው፣ በር ሠርተው፣ ዘበኛ አቁመው ቲኬት ይቆርጣሉ! እኔ ባገሬ ዛፍ ሥር ስቀመጥ ማን ቲኬት ጠይቆኝ ያውቃል? ደግሞ ያኔ በእኛ አገር ጫካ የሚገባ ሽፍታ ነው። እዚህ ሰው ልጁን አጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ ጫካ ይገባል!

ሣሩ አረንጓዴ! በዚያ ሐሩር! ሚዳቋ አለ፣ ዔሊ አለ፣ ሰጎን አለ። ትንሹ ልጀ አለሙ ሰጎኑን አየና «እማ፣ ይሄ ዶሮ ስንት ድስት ይወጣዋል?» አለ።

ሞላ ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ እግሩን ዘረጋ። ከተሰደድን ወዲህ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም በሆዴ ዛሬስ እግዜር ፊቱን መለሰልን አልኩ።

ከዚያ አየኋቸው።

ከታንከሩ አጠገብ፣ ኒም ሥር፣ አንዲት አንገቷ የተነቀሰ ሴት። ጎኗ አንድ ረዥም ጎረምሳ። አለቀ! እነሱ ናቸው!

(ያኔ የጎንደር ሴት ሁሉ አንገቷ የተነቀሰ ነው። ታንከሩም ወዲህና ወዲያ ሁለት ኒም አለው። ይሄን ማን ያስብ?)

ሄጄ ጥምጥም አልኩባት። «እንዴት ናችሁ! እንኳን አደረሳችሁ! እንዴት ነሽ እህቴ!»

«እንዴት ነሽ! እንኳን አብሮ አደረሰን!» ሴትዮዋም ጉንጨን እስኪላጥ ሳመችኝ። «እናትሽስ እንዴት ናቸው?»

እናቴ አፈር ከገባች ስንት ዘመኗ። ግን በፋሲካ ማግስት፣ በሠርግ ወሬ ላይ፣ ሙሾ ይነሳል? «ደህና ናት!» አልኩ።

ስም ለምን አልጠየቅሽም ትሉኛላችሁ። እናንተ፣ ያኔ ስም የሚጠይቅ ማን ነው? ባገር ቤት ካድሬ! በሱዳን ደግሞ ከሻ የሚያደርግ ፖሊስ፣ ስደተኛ ለቅሞ መኪና ላይ የሚጭነው። ጨዋ ሰው አብልቶ አጠጥቶ፣ ካስፈለገም በነጋታው ይጠይቃል። ሴትዮዋም እንደኔው ናት። ባገር ቤት የምታውቀኝ ዘመዷ መስያት፣ ረሳሁሽ ማለት አፍራለች።

ሁለት ጨዋ ተገናኝተን ተደናቆርን!

«መቼም እግዜር ካለ አንድ ቤት እንሆናለን» አልኳት በነገር።

«አንድ ቤት ነን እንጅ!» አለች።

ሞላን ጎሸም አደረግሁት። ሰማህ? ተስማምታለች!

«ልጅሽ ሥራ እንዴት ነው?» አልኩ።

«ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው የሚሠራ።»

ጋራዥ አልነበር? ትሑት ናቸው አልኩ፣ ልጃቸውን ማሞገስ አይወዱም።

ብርቄን አየኋት፣ ፊቷ አመድ መስሏል። አፍራለች አልኩ፣ ደስ አለኝ። «ተነሽ አስታጥቢ!» አልኳት።

ጆጉን ይዛ ተነሳች። እንግዶቹን አልፋቸው ሄደች! ቀጥ ብላ ወደ ወዲያኛው ኒም!

«ወዴት ነው? ታወርሽ እንዴ?» ብዬ በቀሚሷ ጎትቼ መለስኳት። ድስቱን ከፍቼ በሞቴ፣ በሞቴ እያልኩ አበላቸው ጀመር።

ያኔ ነው ወዲያኛው ኒም ሥር ያሉትን ያስተዋልኳቸው። አንዲት ከሲታ ሴት፣ አቧራው ከቀሚሷ ያልረገፈ፣ ያልተፈታ ሞሰብ ጭኗ ላይ ይዛ። ልጇ ደግሞ ዓይኑን ድስቴ ላይ ተክሏል። (ድስቱን አልነበረም የሚያይ። ብርቄን ነው። እኔ ግን ዶሮ ነው የማስብ!)

«ኧረ ይሄ ቀላዋጭ!» አልኩ፣ እንዲሰማ አድርጌ። «ሰው ሲበላ እንዲህ አፍጥጦ ማየት! እናቱ ምን አስተምራ አሳደገችው?»

እናቱ ሰማች። ነጠላዋን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። 

እማዬ፣ እማዬ ትለኛለች ብርቄ በሹክሹክታ። ቆንጠጥ አደረግኳት። አሁን የሚመጣው ፈረሰኛው ነዋ! የዶሮዋ ክቡር ብልት! ለአባወራ፣ ለትልቅ እንግዳ የሚወጣው! ከድስቱ አወጣሁት፣ በእንጀራ ጠቀለልኩት።

«በሞቴ! አፈር ስሆን! አማቼ፣ ክፈት!»

ጎረምሳው ምን ያድርግ? ከፈተ። ጎረሰ።

«እማዬ! እሱ አይደለም!!»

ብርቄ ናት። ጮኸች።  ዘበኛው ዞረ። ሰጎኑ እንኳ አንገቱን አቀና!

ልጁ አፉ ሙሉ ነው። ቢተፋው ነውር፣ ቢውጠው ነውር።

«አማች?» አለች ሴትዮዋ። «እኔ እኮ ከመተማ የማውቅሽ መስሎኝ ነው! የእማማ ዘነቡ ልጅ አይደለሽም?»

«አይደለሁም! እናቴ ሞታለች!»

«ውይ! ነፍስ ይማር!» ብላ ደረቷን መታች።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ግን ገና ነው፣ ገና! ሞላ ቀስ ብሎ ጫማውን ሲያደርግ አየሁ። ያንን የዘረጋውን እግር ሰበሰበው።

«እሱ አይደለም አልሽ» አላት ብርቄን፣ ድምፁን ሳያነሳ። «እሱ አለመሆኑን አንች በምን አወቅሽ?»

 አሁን ገባኝ። ዳቦው ሁሉ ገባኝ!  ወዲያ ያ ቀላዋጭ ያልኩት ልጅ ሊነሳ ሲል እናቱ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። እሷ ተነሳች። ያቺ የሰደብኳት ሴት። ሞሰቧን ታቅፋ መጣች።

«በእኔ ነው ወንድሜ» አለችው ሞላን። «የአደራጀው እናት እኔ ነኝ። ልጅቷን ሳላይ አልልክም ብዬ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ድረስ ሄጄ አየኋት። ልጄም አጠገቤ ቆሞ ነበር። እሷ እኔን ቀና ብላ ስታይ እሱን አየችው እንጅ፣ ቃል አልተለዋወጡም። ቅጣት ካለ ለእኔ ነው።»

አያችሁ? ከካምፕ ወጥታ የማታውቅ ሴት! አቧራዋ ገና ከሎሪው ነው! ገዳሪፍ ዳቦ ቤት በየት በኩል እንደሆነ በምን ታውቃለች?

ሞላ ሴትዮዋን አያት። አቧራውንም አየ። 

«እናት ካለችበትማ» አለ በመጨረሻ፣ «ምን ነውር አለው።»

ጫማውን መልሶ አወለቀ!

እኔ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። «ተይው፣ ይልቅ ከዶሮው ተረፈ?» አለች።

ምን ይተርፋል! ለማያውቁኝ ሰዎች በሞቴ፣ በሞቴ እያልኩ አስጨርሼዋለሁ! መረቅ ብቻ ቀርቷል። እትዬ የሺ ሞሰቧን ፈታች፤ በካምፕ የእርዳታ ስንዴ የጋገረችው ድፎ ነው። ቆርሳ ድስቱ ውስጥ ጠቀሰች። «ቀላዋጭ! ና ብላ!» ብላ ልጇን ጠራችው። የሳቅነው ሳቅ! እነዚያም፣ ፈረሰኛዬን የበሉት፣ አብረውን ዋሉ።

አያ ጎሹ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተፍ አሉ። ጎማ ፈንድቶባቸው ነው። ሁላችንን ባንድ ድስት ዙሪያ ሲያዩ «ይኸው! እኔ ያገናኘሁት ሰው እንዲህ ነው!» ብለው ኮሩ።

እና እትዬ የሺ ይኸው እስከዛሬ፣ በክርስትናው፣ በሠርጉ፣ በልደቱ፣ ስድቤን ትናገራለች። ውሸቷን ግን አንድ ቀን አልተናገረችም። ከተናገረች ብርቄ ትጋለጣለቻ!

ሞላ አልፏል፣ ነፍሱን ይማረው። ብርቄም አያት ሆነች፤ «እማዬ፣ ይጻፍ» ብላለች። ስለዚህ አስጻፍኩት። እትዬ የሺ፣ ማይኩን ያዥው! ሁልጊዜ ያንች ነው! እኔ ምንም ብሰደብ አይበቃኝ።

እኔስ ከዚህ ሁሉ ተምሬያለሁ ወይ?

ኧረ የት! ዛሬ ልደቱ ላይ አንድ ረዥም ልጅ በር ላይ ቆሞ አየሁ። ይቺ የምትጽፈው «ጓደኛዬ ይመጣል» ስትል ሰምቼ ነበር። በሞቴ ብዬ ትልቅ ጉርሻ አጎረስኩት። ጄኔሬተር ሊጠግን የመጣ ሰው ነው አሉ!

ይቺ ደግሞ ከጓዳ ሮጣ መጥታ «ሐቦባ! እሱ አይደለም!» ብላ ስትጮህ...

ቆይ።

እሱ አይደለም? ታዲያ የቱ ነው?

ጻፊ እንጅ ልጀ፣ እጅሽ ለምን ቆመ?