የቶሮንቶ ስንቅ

ሰው የአገርን ርቀት በምን ይለካል? ፈረንጅ በኪሎ ሜትር ይለካል። የሱዳኑ የገዳሪፍ ሎሪ ነጂ "ኢንሻ አላህ" ብሎ ይገላገላል፣ እሱም መለኪያ ከሆነ። የኛ የጎንደር ሰው ግን "የስንት ቀን ስንቅ ነው?" ይልሃል። እኔ ገዳሪፍ ገበያ ስኳርና ሻይ ቅጠል ስሸጥ የኖርሁ ሰው፣ ይህን መለኪያ ከነጭራሹ ረስቼው ነበር።

በዚያ በረሃብ ዘመን፣ እታለም ጥሩነሽ የሚባሉ የበለሳ ሴት ከስደተኞች መጠለያው እየመጡ ደንበኛዬ ሆኑ። ድንበሩ ላይ በፋሽጋ እርሻ ሰሊጥ ሲያጭድ የቆየ ልጃቸውን ካናዳ ተቀብላው፣ ከካርቱም ተነስቶ ቶሮንቶ ሊገባ ነው። የስንት ቀን ስንቅ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ጠያቂ አገኘሁ ብዬ ተኮፈስሁ። አውሮፕላን ደጃፍ ደርሼ አላውቅም፤ ግን ሬዲዮ ያለው ሰው የማያውቀው ነገር አለ እንዴ? በረሃውን፣ ባሕሩን፣ በረዶውን ደረደርሁላቸውና፣ በእግር ቢሆን ዓመትም አይበቃው አልሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ለካ እሳቸው "ዓመት" የምትለዋን ብቻ ይዘው ሄደዋል። የሚሰፈርላቸውን የእርዳታ ስንዴ እየቆሉ ለልጃቸው በከረጢት ማጠራቀም ጀመሩ። እሳቸውስ ምን በሉ? ምንም። ጉንጫቸው ገባ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው አልቆም አለ። ልጁ ቢለምናቸው አልሰማ አሉት። ሱቄ መጥቶ፣ እናቴን ልትገድልብኝ ነው፣ የተናገርኸውን አንተው አፍርስ አለኝ። ክው አልሁ።

ሄጄ ማልሁላቸው። በአውሮፕላን ከካርቱም ቶሮንቶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ነው፣ መንገድ ላይ ሌላ አውሮፕላን መቀየሩን ጨምሮ አልሁ። ስናገረው ለራሴም ገረመኝ። ክረምት ጭቃው ሲይዝ ከዚህ ጎረቤታችን ሀዋታ ከተማ ለመድረስ ከዚያ በላይ ይፈጃልኮ! ሱዳኑ ሲገርመው እንደሚለው፣ ያ ሰላም! የሰው ልጅ ምን ቢያውቅ ነው ዓለምን እንዲህ እንደ ጋቢ ያጣጠፋት? እታለም ግን አልተገረሙም።

"ከበለሳ ስንወጣም ቅርብ ነው ብለውን ነበር" አሉኝ። "ሴት ልጄን የቀበርሁት ስንቃችን ባለቀ በማግሥቱ ነው።"

ልጁን ጠራሁት፣ ሦስታችን ተከራከርን። በመጨረሻ ተስማማን፤ ልጁ ግማሹን ቆሎ ይዞ ይሄዳል፣ ግማሹን እሳቸው እኔ ፊት ይበላሉ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ፣ እሳቸው እያጉረመረሙ በሉ። ልጁም ቋጠሮውን ታቅፎ ሄደ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፁ በካሴት መጣ። ሱቄ ውስጥ ቴፑን ከፍተን ሰማን። እውነትም ጠዋት ተነስቶ በማግሥቱ ገብቷል። እታለም እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ልጁ ቀጠለ። ቆሎው እንዳለ ነው አለ፤ እዚያ ሰማይ ላይ ዳቦውን፣ ሩዙን፣ ዶሮውን እያመጡ ብሉ ብሉ ሲሉን ዋሉ፣ የተረፈውንም ሰብስበው ጣሉት አለ።

እልል ይላሉ ብዬ ዞር አልሁ። እልልም አላሉ፣ አላለቀሱም። ከሱቁ ወጥተው ሰማዩን ብዙ አዩት።

"ያን ጊዜ ሁሉ" አሉ፣ "እኛ ዝናብ ስጠን እያልን ወደ ላይ ስናንጋጥጥ፣ እህሉ በላያችን ያልፍ ኑሯል?"