ኋላዋ የተነሳች መኪና

መኪናዬን ከጎን ያየ ሁሉ ይስቃል። ኋላዋ ከፍ፣ አፍንጫዋ ዝቅ ያለ ነው። ጎረቤቴ ሐጂ ሙክታር፣ "ሱጁድ ላይ ናት፣ ስትሰግድ አትረብሿት" ይላሉ። እናንተም ሳቁ። እኔ ግን ኋላዋን ያስነሳሁት ፈርቼ ነው።

ምክንያቱን ባጭሩ ነግሬያችሁ እንለፈው። በወጣትነቴ ከሊሙ ገነት ወዲያ ባሉት የቡና መንደሮች ጆንያ ተሸክሜ ነው የኖርኩት። መኪና ጭቃ ሲይዘው ለመግፋት የምንጠራውም እኛው ነበርን። አንድ ክረምት የገፋሁት መኪና ውስጥ ምጥ የያዛት እህቴ ነበረች። ገፋን፣ ገፋን። አልወጣም። ሌላውን ተዉት።

ታዲያ ባለቤቴ አልማዝ ስታረግዝ ሌላው አባት ስም ይመርጣል፤ እኔ አሮጌዋን ፒክአፕ ይዤ ጅማ ወረድኩ። መካኒኩ ከድር ከሥሯ ገብቶ ወጣና ምን እንደምጭንባት ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። ጭቃ የማይይዛት፣ ሰው ግፉልኝ የማልልባት ብቻ ትሁንልኝ አልኩት።

"አቦ፣ ይሄማ ቀላል ነው!" አለ።

ባሌስትራን ታውቁታላችሁ፤ ከኋላ ጎማ አጠገብ ተደራርቦ የሚታሰረው ቆልመም ያለ ብረት ነው። ከድር ከጭነት መኪና የወለቁ ሁለት ወፍራም ብረቶች ደረበበት። መኪናዋ ስንዝር ያህል ከፍ አለች። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ኮረኮንቹ እስኪጀምር ነው። ጠጠር ባገኘች ቁጥር እንደ ፍየል ትዘላለች። ለከድር ደወልኩ።

"ለጭነት የተሠራ ብረት ነዋ! ምን ትጭናለህ ያልኩህ ለምን መሰለህ?" አለኝ።

አልማዝ ምጥ የያዛት ሐምሌ ላይ፣ ጠዋት ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አየቻትና ጅማ ሆስፒታል፣ አሁኑኑ አለች። አልማዝን ጋቢና አስገባን፣ ነርሷ ጎኗ ተቀመጠች። መቶ ሜትር ሳንሄድ አንዲት ጉድጓድ አዘለለችን።

"አውርደኝ! በእግሬ እሄዳለሁ!" ብላ አልማዝ ጮኸች።

ሐጂ ሙክታር ከደጃቸው ብቅ አሉ። ሰውነታቸው ሙሉ ነው፤ ይህን የምለው በአክብሮት ነው።

"መኪናዋ ምን ሆና ነው?"

"ጭነት የላትም" አልኳቸው።

ዘወር አሉና በኦሮምኛም በአማርኛም "ኮታ! ኑ!" ብለው መንደሩን ተጣሩ። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ያን ቀንም አልለመንኩም። ዝም ብለው ተጫኑ፤ ከነሐጂ አሥራ ሁለት ሰው።

"ሐጂ፣ እርስዎ መሐል ይሁኑ! መኪናዋ ወደ እርስዎ አዘነበለች!" አለ አንዱ።

"አንተ ደግሞ ውረድ፤ ከዶሮ አትከብድም" አሉት።

መኪናዋ ረጋች። አልማዝም ትንፋሿን ሰበሰበች። እኔ ልተንፍስ ስል ጭቃው ደረሰ።

አሁን አሥራ ሁለት ሰው የተጫነበት ባሌስትራ ምን ይሆናል? ይተኛል። ያ የከፈልኩበት ስንዝር የለም። የመኪናዋ ሆድ መሬት ነካ። ጎማው ዞረ፣ ዞረ። አልማዝ ስትጠራኝ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ያቺ እህቴ ትዝ ብላኝ ነዳጅ መርገጤን ቀጠልኩ።

ሐጂ የጋቢናውን ጣሪያ በቡጢ መቱት።

"አንተ ልጅ! ምን ያስፈራሃል? ጭነቱ እግር አለው!"

አሥራ ሁለቱም ዘለው ወረዱ። ባሌስትራው ቀና አለ። መኪናዋ ስንዝሯን መልሳ አገኘች። ከኋላ ገፏት፤ ወጣች። ከዚያ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው፣ እየሮጡ ተንጠላጠሉ። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው የትኛው ነው ታማሚው ብሎ ጠየቀ።

ሴት ልጅ ተወለደች። እናቷም ደህና ናት። ይኸው ነው።

በሳምንቱ ብረቶቹን ላስወልቅ እንደሆነ መንደሩ ሰማ። ሰላምታ ቀዘቀዘ። ሐጂ፣ "እኛን ላትጭን ነው? ምን በደልንህ?" አሉኝ። ማስወለቁን ተውኩት። ብረቶቹ እንዳሉ ናቸው።

እንግዲህ ሰው የማትፈልግ መኪና ላሠራ ሄጄ፣ ያለ ሰው የማትሄድ መኪና አሠርቼ መጣሁ። ትናንት ልጅቷን ለማስከተብ ጅማ ልንወርድ ስንነሳ ሊጫኑ የመጡት ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ብቻ ነበሩ።

ፈራሁና ቀረሁ።