ክቡር «ቀላል ነው»

ሰኔ 9 ቀን ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሜ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ግማሹን ነጭ ቀብቶ፣ ግማሹን እንደ ድሮው አረንጓዴ ትቶ፣ «የቀረው ነገ ነው፤ ቀላል ነው» አለ። ያ ነገ አልነጋለትም። በተኛበት ልቡ ቆመ።

በየቤተሰቡ ሁሉን ነገር «ቀላል ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ቀላሉን እሱ ይናገራል፤ ከባዱን ዘመድ ይሸከማል። የእኛው ክቡር «ቀላል ነው» ጡረታ በወጣ በዓመቱ የራሱን ቤት ሸጦ አንድ ያረጀ ቤት ገዛ፤ አድሶ ሊሸጠው። ከዚያ በፊት ያደሰው ነገር ቢኖር መታወቂያውን ብቻ ነው። ካልተሸጠለት ሌላ መግቢያ አልነበረውም።

የቧንቧ ሠራተኛው «ጋሼ፣ እዚህ ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ ያለ ይመስለኛል» ሲላቸው ክቡርነታቸው መዶሻውን አነሡ። ቧንቧው ነበረ። ሰውየው ሱሪውን ጠቅልሎ ወጥ ቤቱ መሃል ቆመና «ገዢው ዋና ይችላል ወይ ጋሼ?» አለ።

ከማደሱ የባሰው መሸጡ ነበር። ገዢ በመጣ ቁጥር ሳሎኑን ሳያሳይ ጣሪያው ወደሚያፈስበት ጥግ ይወስደዋል። «እዚህ ጋ ያፈስ ነበር። የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በዝናብ ቀን ተመልሰህ እይ።» ገዢው በዝናብም በፀሐይም አይመለስም።

«ወንድም ዓለም፣ ቤቱን እየሸጥከው ነው ወይስ እየከሰስከው?»

«እህት ዓለም፣ አንቺ መዝገብ ቤት ተቀምጠሽ የጎደለ ገጽ ስታገኚ ትደብቂያለሽ?»

አልደብቅም።

በመጨረሻ አንዲት ነርስ ሽማግሌ አባቷን ደግፋ መጣች። ጣሪያውን አሳያት፤ ቧንቧውን ተናዘዘ። «ጉድለቱን ቀድሞ የነገረኝ ሻጭ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችና ተስማማች። ቀለሙ ሲያልቅ ልትገባ።

ከቀብሩ በኋላ ደወለችልኝ። «ቃሌ ቃል ነው፤ እገዛዋለሁ። ግድግዳውን ራሴ አስቀባዋለሁ።» እኔ እጨርሰዋለሁ አልኳት። ያለቀውን ነገር ፋይል ዘግቶ መደርደር ሥራዬ ነው። ግን ብሩሹን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አረንጓዴው እስካለ ድረስ «የቀረው ነገ ነው» ያለው ሰው የሚመለስ ይመስለኛል።

በዚያው በሰኔ 9 ጠዋት ግን አንድ ነገር ጨርሷል። ራሱ የገጠመውን የመታጠቢያ ቤት ቁልፍ ነቅሎ ወደ ሱቅ ሲወጣ በር ላይ አገኘሁት።

«ደህናው ቁልፍ ምን በደለህና ነቀልከው?»

«ከውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው። የነርሷ አባት ውስጥ ቢወድቁ ማን ይደርስላቸዋል?»

ቀላል ነው አላለም። ከውጭም በሚከፈት ለውጦ መጣ፤ ገጠመው። እኔን ውስጥ አስገብቶ «ቆልፊ» አለኝና ከውጭ ሞከረው። ተከፈተ።