ስለ እድራችን ካሚዮን አልቃሽ ጎማ

የሰበታ ገበያ ሠፈር መረዳጃ እድር አስተዳዳሪ ኮሚቴ እሑድ መጋቢት 6 ቀን 1956 ዓ.ም. ከአቶ ሸምሰዲን ሱቅ ጀርባ ባለው የድንኳን ማስቀመጫ ቤት ተሰበሰበ። ስብሰባው የተጠራው ለ3 ሰዓት ሲሆን፣ ሰብሳቢው 4 ሰዓት ላይ ስለደረሱ በሰዓቱ ተጀመረ።

የተገኙት፦
ግራዝማች ወንዳፍራሽ፣ ሰብሳቢ (የሚቀመጡበትን ትራስ ይዘው መጥተዋል)
አቶ ሸምሰዲን፣ የዕቃ ኃላፊ
ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ የሴቶች ተጠሪ
ኦቦ ነገሳ፣ አባል፤ ቀድሞ በጣሊያን መንገድ ሥራ ላይ የነበሩ
ዳኜ፣ ጸሐፊ፤ ድምፅ የሌለው
ባጫ፣ የእድሩ ሹፌር፤ ለማስረዳት የተጠራ

ደንቡ አምስት ባለድምፅ አባላት ይገኙ ስለሚል፣ አምስተኛው አባል አቶ ካሳሁን በደጅ ሲያልፉ በመታየታቸው እንደተገኙ ተቆጥረው ምልዓተ ጉባኤው ሞላ።

አጀንዳ 1፦ የጎማው ማልቀስ ጉድለት ስለመሆኑ

ሹፌር ባጫ የፊት ቀኝ ጎማ ሲሽከረከር የሚያለቅሰው ኩሽኔታው ስላለቀ መሆኑን አስረዳ። ኩሽኔታ ማለት ጎማው የሚሽከረከርበት፣ የብረት ኳሶች ያሉበት ቀለበት ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው በእጅ ሲነካ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ይወዛወዛል። አዲስ ኩሽኔታ ከተገኘ እዚሁ ደጅ በግራሶ ቅባት ለውሶ ራሱ ይገጥመዋል፤ ካልሆነም አዲስ አበባ ያለ ጋራዥ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እንዲሁ ከሆነ ግን ነገ ሱሉልታ ለቅሶ የሚደርሰውን ሕዝብ ጭኖ የእንጦጦን ቁልቁለት እንደማይወርድ ተናገረ። ጎማው ከወጣ የሚቀበላቸው ገደሉ ብቻ ነው አለ።

ግራዝማች፣ የእድር መኪና ቢያለቅስ ምን ነውር አለበት ሲሉ ጠየቁ። ባለፈው ቡራዩ ለቀብር ሲኬድ ሐዘንተኞቹ ጎማውን ከሩቅ ሰምተው "እንዲህ አምርሮ የሚያለቅስልን ማነው?" እያሉ መውጣታቸውን አስታወሱ። ወ/ሮ ሮማነወርቅ በበኩላቸው፣ እኛ እንባችንን ጠርገን ስንመለስ እሱ ግን ሰበታ እስኪገባ አላባራም አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ የጎማው ማልቀስ ጉድለት ሳይሆን አገልግሎት ነው ተብሎ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ኩሽኔታ ምን እንደሆነ

ይህን ሹፌሩ አስቀድሞ ተናግሯል። ሆኖም ኦቦ ነገሳ "ኤዬ፣ ጣሊያንኛውን ለእኔ ተዉት" ብለው ኩሽኔታ ማለት ትንሽ ትራስ ማለት እንደሆነ አብራሩ። ግራዝማች፣ ሹፌሩ ለአንዲት ትራስ ሲል ይህን ሁሉ ሰው ማስጨነቁ እንዳሳዘናቸው ገልጸው፣ ሴቶች ጥጥ ሞልተው ይስፉለት አሉ። ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ ትራስ ከጠፋ ግራዝማች የተቀመጡባት አለች ሲሉ አመለከቱ። ሹፌሩ ሳቀ፤ በጉባኤ ፊት ስለሳቀ ተገሠጸ። ጸሐፊውን በዚያው ጊዜ ሳል ይዞት ነበር።

የትራሱ ሐሳብ በሦስት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ አለፈ። አቶ ካሳሁን ድምፅ አልሰጡም።

አጀንዳ 3፦ የሹፌሩ እምቢተኝነት

ባጫ ነገ የማይነዳ ከሆነ ከሥራው እንዲሰናበት፣ በምትኩም ትራክተር ነድቶ የሚያውቀው የግራዝማች የእህት ልጅ እንዲነዳ ሰብሳቢው አሳሰቡ። ባጫ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "አምስት ልጅ የማሳድገው በዚህ ቁልፍ ነው፤ ቢሆንም እናቶቻችንን ገደል አልከትም" አለ። ከረጅም ውይይት በኋላ እንዲሰናበት ተወሰነ።

አቶ ሸምሰዲን የአሠራር ጥያቄ አነሡ። ድንኳን ተካዩም መቃብር ቆፋሪውም ነገ ካሚዮኑ ላይ ስለሚሆን፣ አያድርገውና ጎማው ቢወጣ ቀባሪው ማነው አሉ። ግራዝማች ጥያቄው የበሰለ መሆኑን አድንቀው፣ የእድሩ ሥራ እንዳይቋረጥ ኮሚቴው ሰበታ ይቅር አሉ። ይህ ያለ ምንም ውይይት ተወሰነ።

ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ ጎማው ደኅና ከሆነ ለምን እንቀራለን ብለው ጠየቁ። ጥያቄው እንዳይጻፍ ሰብሳቢው አዘዙ። ወይዘሮዋ ቀጥለው፣ "እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ እሳፈራለሁ። ግራዝማች ደግሞ እንደ ማዕረግዎ ጋቢና ይቀመጡልን" አሉ። የክብር ቦታው በቀኝ በኩል፣ ልክ ከሚያለቅሰው ጎማ በላይ ነው። ሐሳቡን ኦቦ ነገሳና አቶ ሸምሰዲን ደገፉ። ግራዝማች ውኃ ጠየቁ።

ውኃውን ከጠጡ በኋላ ስለ ኩሽኔታ ብዙ ነገር ትዝ አላቸው። ብረት መሆኑን ከድሮም ያውቁ እንደነበር ገለጹ። ስለዚህ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ባጫ በሥራው እንዲቆይ፣ ካሚዮኑ ነገ በማለዳ ባዶውን ጋራዥ እንዲገባ፣ ሱሉልታ ማክሰኞ እንዲኬድ፣ ጉድለቱን ቀድመው ያዩት ግራዝማች መሆናቸውም እንዲመዘገብ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ባጫ ቁልፉን ሲያነሣ የሚለው እንዳለ ተጠየቀ። "እኔም እኮ እስከ ዛሬ እዚያው ጋቢና ውስጥ ነበርኩ" አለ። ይህ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ አልተመዘገበም።

ጉባኤው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። ባጫ በካሚዮኑ ቤትዎ ላድርስዎ ቢላቸው፣ ግራዝማች ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው በእግራቸው ሄዱ።